ዘርፉ ከብረቱ አጠገብ የቆመችበት ቀን

ከናዝሬት ተነስቶ አሰብ የሚወርድ ሾፌር ሁሉ የዘርፉን ቋንጣ ያውቅ ነበር። ሲነክሱት ቀጭ ብሎ የሚሰበር፣ በርበሬውና ጨዉ ልክ የሆነ ቋንጣ ነበር። በአፋር በረሃ መካከል መኪና ቢበላሽበት እንኳ የዘርፉን ቋንጣ የያዘ ሰው አይሰጋም ይባል ነበር። ሙያዋን ሲጠይቋት ትስቅና፣ “ቋንጣ ፀሐይ አይወድም፤ ጥላና ነፋስ ስጡት፣ በቃ” ትላለች። በኋላ መከራ ውስጥ የከተታት ይኸው ሙያዋ ነው።

እኔ በዚያ ዘመን ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና እሷ ራሷ ያጫወተችኝን ነው።

ዘርፉ የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት። ባሏ ገርባ ከአሰብ መንገድ ዳር ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። የከባድ መኪና ጎማ የሚዞርበት ኩሽኔታ ተጣብቆ አልወጣ ሲል፣ ፕሬስ ከሚሉት ወፍራም የብረት ማዕቀፍ ሥር አስገብቶ መኪና በሚነሳበት ክሪክ እየገፋ የሚያስወጣው እሱ ነው። ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደዚያ ኩሽኔታ ተገፍቶ ነው እያለች ዘርፉ ትቀልድበት ነበር።

ሁለቱም አማኞች ነበሩ፤ ጎረቤቱ “ጴንጤ” እያለ የሚያሽሟጥጣቸው። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር እሁድ እሁድ እነሱ ቤት እንሰበሰባለን። መዝሙሩን በሹክሹክታ እንዘምራለን፤ የእግር ኮቴ ሲሰማ ዝም እንላለን። መጽሐፍ ቅዱሱ የሚደበቀው ከበርበሬው እንስራ ውስጥ ስለነበር፣ ገርባ ገልጦ ሲያነብ ያስነጥሰን ነበር። ያንን ማስነጠስ ለማፈን ስንታገል የፈራነውን ፍርሃት ዛሬ ሳስበው እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም።

የ1970 ዓ.ም. መባቻ ነበር። በምሥራቅ ጦርነቱ ተፋፍሟል። መኪናው ሁሉ ወደ ግንባር ስለተሳበ ከመንግሥት እርሻ የሚወጣው ፍራፍሬ የሚያነሳው አጥቶ ይበሰብስ ነበር። የየቀበሌው ሴቶች ለወታደሩ ስንቅ ያዘጋጃሉ፤ በሶ ይፈጫል፣ ዳቦ ቆሎ ይቆላል። አንድ ቀን ለኛ ቀበሌ ጥቂት ኬሻ ፓፓያ መጣና፣ ደርቆ ለስንቅ ይሁን ተባለ።

የሴቶች ማኅበሯ ሊቀመንበር እትዬ አሰለፈች፣ ምላሳቸው እንደ ወናፍ የማያርፍ ሴት፣ በስብሰባው መሃል ወደ ዘርፉ ዞሩ።

“ማድረቅ የምታውቅ ዘርፉ ናት። መፈክር ሲባል ክንዷ ይዝላል እንጂ ለቋንጣ ሲሆን አይዝልም። ወይስ ፓፓያም ኃጢአት ነው?”

ሴቶቹ ሳቁ። ዘርፉ አንገቷን ደፋች። “እሞክራለሁ፣ እትዬ” አለች።

“ሞክሪ አልተባልሽም፤ አድርቂ ነው የተባልሽው።”

ዘርፉ ፓፓያውን እንደምታውቀው አደረገችው። በቀጭን በቀጭኑ ተለተለችው፤ ጨው ነሰነሰችበት፤ ከጓዳዋ ጥላ ሥር በገመድ ላይ ሰቀለችው። ለሥጋ የሚበጅ ለፓፓያ አይበጅም ብላ እንዴት ታስብ? ክረምቱ ገና አልወጣም፤ አየሩ ርጥብ ነበር። ጨዉ ውሃውን እየጎተተ ወለሉ ላይ ያንጠባጥበው ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ ጠላ ጠላ ሸተተ፤ ትልትሉ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ እንደ ጸጉር በቀለ።

የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ጓድ አብተው መጥቶ አየው። ረጅም፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነበር። ብዙ ጊዜ ያስፈራን የነበረው ያ ድምፁን አለማንሳቱ ነው። አንዱን ትልትል ከገመድ ነጥሎ አሸተተና ወለሉ ላይ ጣለው።

“የዳቦ ጋጋሪውን የጉደታን ነገር ሰምተሻል?” አላት።

ሰምታለች። ሁላችንም ሰምተናል። ጉደታ ለጦሩ የጋገረው ዳቦ ሻግቶ በመገኘቱ የኢኮኖሚ አሻጥር ሠርቷል ተብሎ ተወሰደ። ሚስቱ በየቀኑ ስንቅ ይዛ ወደ እስር ቤት ትመላለስ ነበር። አንድ ጠዋት ዘበኛው ሳህኗን መለሰላትና፣ “ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ” አላት። ከዚያ በኋላ እሷን የሚጠይቃት፣ እሷም የምትጠይቀው ሰው አልነበረም።

“ሌላ ኬሻ ይመጣል” አለ አብተው። “የስንቁ መኪና ከመስቀል በኋላ ይነሳል። አሁንም ከሻገተ ግን የማነጋግርሽ እኔ አልሆንም።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘርፉን እህል አልወርድ አላት። ሁለተኛው ፓፓያ ሲመጣ ጨዉንም ጥላውንም ትታ የዝናቡን ፋታ እየጠበቀች በቆርቆሮ ላይ አሰጣችው። ዳመናው ግን ፀሐዩን እያየ የሚሸፍን ይመስል ነበር። ትልትሉ ከላዩ ይጠነክራል፣ ሲጫኑት ግን ውስጡ ውሃ ነው። እየዞረች ትዳስሳለች፤ ስትዳስስም ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት እንደሆነ አውቅ ነበር።

እንዲህ ስትዳስስ ነው አንድ ነገር ያስተዋለችው። ከአንድ ጥግ የተሰጡት ትልትሎች ከሌሎቹ ቀድመው ደርቀዋል። እነሱ የተቆረጡት ከኬሻው ሥር ተጭነው ከመጡት፣ ጎናቸው ከተደቆሰው ፓፓያዎች ነበር። ውብ ውቦቹ ግን ውሃቸውን እንደቋጠሩ ናቸው።

ለገርባ ነገረችው። እሱ እንደ ልማዱ ቆይቶ፣ “የተጫነው ውሃውን ቶሎ ይለቃል ማለት ነው” አለ።

“ታዲያ ሁሉንም ልደቁሰው?”

“ከደቆስሽው ገንፎ ይሆናል። ከአንድ ወገን መጫን ነው የሚያበላሸው።” ቀጥሎም፣ “ከየአቅጣጫው እኩል ቢጫን ግን ቅርጹ አይጠፋም። ክሪክ ውስጥ ያለው ዘይት እንደዚያ ነው፤ አንዱን ጎን ለይቶ አይገፋም። ውሃም ያው ነው” አላት።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት የጋራዡን አለቃ ኦቦ ጂብሪልን አማከረ። ኦቦ ጂብሪል ጫታቸውን በጉንጫቸው እንደያዙ ሰሙትና፣ “ሰው በፕሬስ ሥር የተጣበቀ ብረት ያስገባል፤ አንተ ፓፓያ ልታስገባ? ወይ ጉድ! የጴንጤ ነገር!” ብለው ሳቁ። ቀጥሎ ግን ከጓሮ ወዳለው የብረት ክምር መርተው ወሰዱት። ከአሮጌ ገልባጭ መኪና የወለቀ፣ ግድግዳው እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ቀዳዳው ግን ጠባብ የሆነ ሲሊንደር ነበር። “ውሰደው። ቢፈነዳ ግን እኔ አላየሁህም” አሉት።

ገርባ አንዱን አፍ በወፍራም ብረት ደፈነ። በሌላው አፍ ልክክ ብሎ የሚገባ ዘንግ አዘጋጀ። ፓፓያውን ከጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ሾፌሮች ከመነዳሪ ከሚሉት፣ ቆርጦ በሠራው ከረጢት ውስጥ ከውሃ ጋር አሰረው። ከረጢቱን ውሃ በሞላው ሲሊንደር ከተተ፣ ዘንጉን አስገባ፣ ከፕሬሱ ሥር አቁሞ ክሪኩን ገፋ። የመጀመሪያው ከረጢት ተቀደደና የወጣው የፓፓያና የግራሶ ጭማቂ ሆነ። ኦቦ ጂብሪል ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና፣ “ለሞተር ጥሩ ነው” አሉ።

በሁለተኛው ከረጢቱ ደህና ወጣ። ትልትሉ ቅርጹን አልለቀቀም፤ ጥቂት ጠቆር ብሎ ብርሃን የሚያሳልፍ መሰለ እንጂ ሌላ ለውጥ አልታየበትም። ዘርፉ ከሌላው ጎን ለጎን አሰጣችው። ሌላው ገና ሲያለቅስ እሱ ደርቆ እንደ ቆዳ ተጣጠፈ፤ ቀይ ቀለሙም አልጠፋም። ያን ቀን ማታ ዘርፉ ከስንት ቀን በኋላ እራት በላች።

ይሁን እንጂ ዘንጉ የሚገባበት አፍ ውሃ ያፈስ ነበርና መስተካከል ነበረበት። ገርባ ሲሊንደሩን በዘርፉ ነጠላ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞ፣ ብረት ወደሚቀረጽበት ወደ ቶርኖ ቤት ሄደ። በነጠላ የጠቀለለው ሸሚዙን ግራሶ እንዳይነካው ብሎ ነው። በዚያ ዓመት ግን በናዝሬት መንገድ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር የሚሸከም ጤነኛ ሰው አልነበረም።

አፉ ለጊዜው ብቻ ተስተካክሎለት ሲመለስ አሰሳ ላይ ወደቀ። የአብዮት ጥበቃዎች መንገዱን ዘግተው ሰው ይፈትሹ ነበር። ነጠላው ሲገለጥ በአንድ ወገን የተደፈነ ወፍራም የብረት አፈሙዝ ወጣ። አንዱ፣ “ሞርታር ነው!” ብሎ ጮኸ። ገርባ ለማስረዳት አፉን ሲከፍት በሰደፍ መቱት። እሱም ቶሎ የሚናገር ሰው አልነበረም።

ዘርፉ ወሬውን የሰማችው ከኔ ነው። ስነግራት ፓፓያ እየላጠች ነበር። ቢላዋው እጇ ላይ ቀረ። ወደ ጓዳ ገባች፤ ተንበርክካለች ብዬ ነበር፣ ግን ወዲያው ወጣች። የደረቀውን ትልትል በጨርቅ ቋጥራ፣ ጫማዋን እንኳ ሳትለውጥ ወደ ቀበሌ ሄደች። እኔም ከኋላዋ ተከተልኩ።

ገርባ በቀበሌው ግቢ ከግንቡ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ደም ደርቆበታል። ብረቱ ከፊቱ ተጋድሟል። እሱን የሚጠብቀው ሰንበታ የሚባል፣ እንደ ዘርፉ የአርሲ ነገሌ ሰው የሆነ ጥበቃ ነው። ዘርፉ ሰላም ስትለው ፊቱን አዞረ።

“ጓድ አብተው” አለች፣ “ይህ መሣሪያ አይደለም። ፓፓያ ማድረቂያ ነው።”

“ማድረቂያ?” አለ አብተው በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ። “ብረት ያደርቃል?”

“አያደርቅም፤ ሲጫነው ነው። ከተጫነ በኋላ ፀሐይ ሲያገኝ ውሃውን ቶሎ ይለቃል። ይኸው፣ ይቅመሱት።”

አልቀመሰውም። እትዬ አሰለፈች ከጥግ ሆነው፣ “ጓድ፣ ይህች ሴት ነገር ማሳመር ታውቅበታለች” አሉ።

አብተው ብረቱን በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው። “እንግዲያው ዓይናችን እያየ ይሥራበት” አለ።

ወደ ጋራዡ ተጓዝን። ከፊት ገርባ፣ ከኋላው ጠመንጃ፣ ከዚያ ዘርፉ። የሱቅ በሮች እየተዘጉ ነበር። ኦቦ ጂብሪል ሲያዩን ጫታቸውን ተፉ፤ ቀልድም አልመጣላቸውም። ገርባ በተመታ እጁ ከረጢቱን አሰረ፤ ሲሊንደሩን ውሃ ሞላ፤ ከፕሬሱ ሥር አቆመው። ከዚያ ወደ አብተው ዞረ።

“ጓድ፣ እባክዎን ራቅ ይበሉ። ከዚያ ከሞተሩ ኋላ ይሁኑ። አፉ ገና በደንብ አልገጠመም፤ ብረቱ ቢለቅ ሰው ይገድላል።”

ይህን ያለው ለደህንነታቸው ነው። እኛ ጋራዥ አጠገብ የኖርን ሰዎች ሁሉ የምናውቀው ሕግ ነው፤ ፕሬስ ሲገፋ ፊት ለፊት አይቆሙም። የአብተው ፊት ግን ተለወጠ።

“እንግዲህ ራስህ መሰከርክ” አለ። “ሰው የሚገድል ነገር ነው።”

“አይ ጓድ፣ እኔ ያልኩት...”

“ፈንጂ ካልሆነ ሚስትህ አጠገቡ ትቁም።”

ከመንገድ ማዶ የአንድ መኪና ሞተር ሲያጓራ ይሰማ ነበር። ዘርፉ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ሄዳም ከብረቱ አጠገብ ቆመች። ክንዷ ሊነካው ምንም አልቀረውም። አብተውም ራሱ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ፈርቶ እንዳይመስል ይሁን ነገሩን ስላላወቀ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ገርባ የክሪኩን እጀታ ያዘ። መግፋት ጀመረ። መጀመሪያ ቀላል ነበር፤ ቀጥሎ እየከበደ መጣ። የፕሬሱ ማዕቀፍ ተንቋቋ። አንዴ ገፋና ቆመ። ሚስቱን አያት።

በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰበ ኋላ ነግሮናል። እዚያ ላይ ቢያቆም ዘርፉ ከአደጋ ትወጣለች። ግን ያን ያህል ግፊት ለፓፓያው አይበቃውም፤ ትልትሉ እንደሌላው እርጥብ ይቀራል፤ እሱም ውሸታም ተብሎ ይወሰዳል። ለራሱ ያንን መርጦ ነበር። ክሪኩን ሊለቅ እጁን ሲያላላ ዘርፉ በኦሮምኛ፣ “ኢቲ ደበሊ” አለችው። ጨምርበት ማለቷ ነው።

ራሱን ነቀነቀ። እምቢ ማለቱ ነበር።

“ጨምር፣ ገርባ” አለች ደግማ። ድምፏ ቀጭን ሆኖ ነበር፤ ዓይኖቿን ግን ከሱ ላይ አላነሳችም።

ጨመረ። ብረቱ ከውስጡ እንደሚያቃስት ሰው ድምፅ አወጣ። አንዴ ደግሞ ጨመረ። ድንገት ከዘንጉ ሥር ውሃ እንደ መርፌ ቀጥኖ እያፏጨ ወጣና ከዘርፉ ጆሮ አጠገብ አልፎ ቆርቆሮውን መታው። ሰንበታ ጠመንጃውን ጥሎ በደረቱ ተኛ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። የምጠብቀው ፍንዳታ አልመጣም። ስከፍት ዘርፉ እዚያው ናት፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተቀዷል። አብተው ግንባሩ ላይ ላብ አውጥቶ ነበር።

“ያ ረቢ፣ ጌታ ሆይ” አሉ ኦቦ ጂብሪል።

ገርባ ከረጢቱን አውጥቶ ፈታው። አብተው አጎንብሶ አየና፣ “ይህ ምኑ ተለየ?” አለ። እውነቱን ነው፤ በዓይን የሚታይ ብዙ ነገር አልነበረም። ከብረቱ አጠገብ ቆማ ያልራደችው ሴት፣ አሁን የሚቀጥለው ፍርድ በፀሐይ እጅ መሆኑን ስታውቅ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ገርባ ወደ ቀበሌ ተመለሰ። ፓፓያውም በቀበሌው ግቢ በሁለት ረድፍ በቆርቆሮ ላይ ተሰጣ፤ የተጫነው በአንድ ወገን፣ ያልተጫነው በሌላ። ዘርፉ አጠገቡ ተቀምጣ ዝንብ ታባርራለች። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ከግንቡ ማዶ የገርባን ሳል ትሰማለች፤ ሳሉ ሲቋረጥ ቀና ትላለች፣ ሲመለስ ተመልሳ ታጎነብሳለች። ለባሏ ያመጣችውን ምግብ ሰንበታ ይቀበላታል። ሳህኑን በሰጠችው ቁጥር ያ ለጉደታ ሚስት የተነገረው ቃል ከአፉ ይወጣ ይሆን ብላ ከንፈሩን ታያለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ካፊያ ጀመረ። ዘርፉ ራቅ ብላ ነበር፤ እየሮጠች ብትመጣ እትዬ አሰለፈች ቀድመዋታል። የገዛ ነጠላቸውን አውልቀው የተጫነውን ረድፍ ሸፍነውታል። ዘርፉ ስታያቸው ተቆጡ፦

“ምን ታፈጥጫለሽ? የስንቅ ጉዳይ ነው። ያንቺን ባል ብዬ መሰለሽ?” ቀጥለውም ፊታቸውን አዙረው፣ “ደግሞ ጸልያለሁ ካልሽ ምነው ለዝናቡ ረሳሽ?” አሏት።

ካፊያው አለፈ፤ ከኋላውም ጥሩ ፀሐይ ወጣ፣ ከዝዋይ በኩል የሚመጣ ደረቅ ነፋስም ነፈሰ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ እኔ ከዚያ ወዲህ ነፋስ ሲነፍስ ሳላመሰግን አላልፍም።

አብተው ሊያይ ሲመጣ ካልተጫነው ረድፍ አንዱን ትልትል አንስቶ አጠፈው። ውሃው ፈንጥቆ የካኪ እጅጌውን አበላሸው። ከተጫነው አነሳ፤ አጠፈው፣ ዘረጋው፣ እንደገና አጠፈው። እንደ ቆዳ ቀበቶ ታዘዘለት። ወደ አፉ ከተተውና ረጅም ጊዜ አላመጠው። ዘርፉ የጉሮሮውን መንቀሳቀስ ታይ ነበር።

“ባልሽን ውሰጂ” አለ በመጨረሻ። “ብረቱ ግን እዚህ ይቀራል።”

በሩ ተከፍቶላት ሳለ ልትሄድ ትችል ነበር። ግን ቀሪው ፓፓያ በኬሻ ውስጥ እየበሰለ ነው፤ ሳይደርቅ ቢሻግት ያው ባሏ ተመልሶ ይገባል።

“ጓድ፣ ያለ ብረቱ ስንቁ አይደርስም” አለች።

አብተው እስኪበቃው አያት። “ሰንበታ! ተሸከምላቸው” አለ።

ቀሪውን ቀን ሁሉ ገርባ ሲገፋ፣ ዘርፉ ስታሰጣ፣ ሰንበታ ጠመንጃውን ይዞ ከሞተሩ ኋላ ተደብቆ ሲጠብቅ ነበር። ስንቁ ደርሶ መኪናው ላይ ተጫነ። ማን እንደበላው፣ የበላውም ይመለስ አይመለስ የነገረን የለም።

በቀጣዩ እሁድ እነሱ ቤት ተሰበሰብን። ገርባ ግንባሩ ገና እንደተጠቀለለ መጽሐፉን ከበርበሬው አወጣ። ዘርፉ ከተረፈው ፓፓያ በሳህን አቅርባ ነበር፤ እየተቀባበልን አንድ አንድ አነሳን። ማንበብ ሲጀምር ከደጅ ኮቴ ተሰማ። ኮቴው በራችን ላይ ቆመ። ከዚያም ተንኳኳ።

መጽሐፉ ወደ እንስራው ተመለሰ። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ አፍና ማልቀስ ጀመረች። ገርባ ሊነሳ ሲል ዘርፉ በእጇ አስቀመጠችውና ራሷ ከፈተች። ሰንበታ ነበር፤ ጠመንጃው በትከሻው ላይ። ዓይኑ ከሷ አልፎ ሁላችንንም አየን፤ ተደርድሮ የተቀመጠ፣ ቀና የማይል ሰው ሁሉ። ምን እንደምንሠራ እንደገባው ግልጽ ነበር።

“እህቴ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ከዚያች ከቀይዋ ተርፏል ወይ? ልጄ እህል አልወርድ ብሎት...”

ዘርፉ ሳህኑን እንዳለ ገለበጠችለት። በኪሱ ከተተው፣ የተረፈውንም በመዳፉ ያዘ።

“እግዜር ይስጥልኝ” አለ።

ካለው በኋላ ነው የእግዜርን ስም በመጥራቱ የደነገጠው። ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ አየ፤ ከዚያ ዘርፉን አያት። እሷም ፈርታ ነበር፤ እሱም ፈርቶ ነበር።

“አሜን” አለችው በቀስታ፣ በሩንም ዘጋች።

ኮቴው እስኪርቅ ጠበቅን። ገርባም መጽሐፉን ከበርበሬው መልሶ አወጣ፤ አስነጠሰም።